አያቴ መንገዱን ጓዳ ያስገቡበት በጋ

ትንሿ ልጄን ኩፍኝ ያዛት። ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ፤ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ዓይኗንም በባትሪ አይተው «ደህና ናት፣ አትፍሪ» ብለውኛል። እኔ ግን ከወለድኩ ወዲህ መፍራት ሥራዬ ነው። ቤት እንደገባን እጄ ሳላዘው ሄዶ መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውንም ጎተተ። ወዲያው ያ ሽታ መጣ። የታፈነ ጓዳ ሽታ፤ የትኩሳት ላብ፣ ኖራ የተቀባ አሮጌ ግድግዳ ሲዘጋበት የሚያወጣው እርጥብ እርጥብ የሚል ነገር። መጋረጃውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ጽሑፍ አልችልበትም። ግን ያ ሽታ ፍርሃት ብቻ ይዞ አልመጣም። ሳቅም ይዞ መጣ። ልጄ እንቅልፍ እስኪወስዳት አጠገቧ ተቀምጬ ልጽፈው ነው።

ያኔ የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ነው፣ ወደ ኤረር በር በሚወስድ ቀጭን መተላለፊያ። ሁለት አህያ ጎን ለጎን ከመጣ ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያሳልፈው። አባቴ ድሬዳዋ ይሠራ ስለነበር ቤቱ የእማዬ፣ የእኔ፣ የታናሽ ወንድሜ የቢኒና የአባባ ነበር። አባባ የእማዬ አባት ናቸው። ውጭ አገር ድረስ ሄደው ፊዚክስ ተምረው፣ እዚሁ ሐረር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ «ፊዚክስ» ነበር የሚላቸው። «ፊዚክስ አሉ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው በብብቱ የተበላሸ ሬዲዮ ወይም ጆሮው የተሰበረ ካውያ አያጣም።

ስለዚህ እኔ ፊዚክስ ማለት ዕቃ ፈታትቶ አለመመለስ ይመስለኝ ነበር።

የፈጠሩትን ሁሉ ብዘረዝር ልጄ ትነቃብኛለች። ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ደስ ሲለው ነበርና በርሜላችን ውስጥ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አንሳፍፈው ከብስክሌት ደወል ጋር አሰሩት። ውሃ ሲመጣ ቆርቆሮው ይነሳል፣ ደወሉ ይንጫጫል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን እያጋጨ ይሮጣል። ለእማዬ ደግሞ ከአሮጌ ቴፕ ሞተር የዝንብ ማባረሪያ ሠሩላት። ዝንቡን አባረረ፤ ወጡንም ግድግዳው ላይ ረጨው።

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ዝንቡን ይመልሱልኝ» አለች እማዬ ሽሮ ከግንባሯ እየጠረገች።

አባባ ግን አይሰሙም። የሚሠሩት ለእኛ ነዋ። ማለዳ ሲነሱ ከሰላምታ በፊት «እህ፣ ዛሬ ምን ይሠራላችሁ?» ነበር የሚሉን። ቢኒ «የሚበር በግ» ይላቸዋል። እሳቸው አይስቁም፤ አገጫቸውን ይዘው «ክብደቱ ያስቸግራል፣ ግን እናየዋለን» ይሉታል።

በዚያ በጋ ኩፍኝ ሰፈር ገባ። እኔን ቀደም ብሎ ይዞ ስለለቀቀኝ አልነካኝም። ቢኒን ጣለው። መጀመሪያ ሳል ነው ተባለ፣ ከዚያ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ ፊቱና ደረቱ ላይ ወጣበት።

እማዬ ሕጓን አወጣች። ኩፍኝ ብርሃን አይወድም። ኩፍኝ እንግዳ አይወድም። ፀሐይ የመታው ሰው በሽተኛ ጋ አይገባም። የተከራየነው ቤት የሐረሪ ቤት ነው፤ ሐረሪዎቹ ኪርታት የሚሏት ጠባብ ጓዳ አለችው፣ ድሮ ሙሽሮች የሚከርሙባት። ቢኒን እዚያ አስተኛችው። ጓዳዋ ወደ መተላለፊያው የምታይ ትንሽ መስኮት ነበረቻት፤ እማዬ ቆርቆሮ መታችባት፣ ዳር ዳሩንም በጨርቅ ወተፈችው። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። እኔ ኩፍኝ ጨርሻለሁና እንድገባ ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

የቢኒ ዓይን በዓይናር ተጣብቆ ሰነበተ። እማዬ ለብ ባለ ውሃ ታጥብለታለች፣ እሱ ይጮሃል፣ እሷም ከእሱ ጋር ታለቅሳለች። ከተከፈተ በኋላም ውሃ በኩባያ ስሰጠው እጁ ከኩባያው አጠገብ ያለውን አየር ይጨብጣል።

«ጨለማ ስለሆነ ነው» አለች እማዬ።

እኔ ግን ኩባያው ይታየኝ ነበር።

ላይኛው ሰፈር ኩፍኝ ዓይኑን የወሰደበት ልጅ ነበር። እማዬ ስሙን አትጠራም። እናቱ በመንገድ ስታልፍ እንኳ ድምፅዋን ሰምታ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ ክፉ ዕጣም እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስል።

አንድ ጠዋት አባባ የፈቱትን ሬዲዮ ትተው እማዬ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ቢኒን ሆስፒታል እንውሰደው።»

«በዚህ ፀሐይ? ብርሃን መቶት ዓይኑ ቢፈስ እርስዎ በፊዚክስ ይመልሱልኛል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አባባ ይከራከራሉ፣ አመልካች ጣታቸውን ያነሳሉ፣ «በመጀመሪያ ደረጃ» ይላሉ። ያን ቀን ጣታቸው አልተነሳም። እማዬ የጓዳውን በር በጀርባዋ ዘግታ ቆማለች።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ቀኑን አላስገባበትም። የመርፌ ዓይን የምታክል ብርሃን ግን ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ለምን?»

«ልጁ ያይ እንደሆነ፣ አያይም እንደሆነ ልወቅ።»

ይህን ነገር ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። እማዬ ባለችበት ቁጭ አለች። ከዚያ «የመርፌ ብቻ» አለች።

አባባ ቆርቆሮው ላይ በምስማር ቀዳዳ በሱ። ከመርፌ ዓይን ትበልጣለች፤ ሽምብራ ታክላለች፤ እማዬ ግን አልለካችም። ከዚያ እኔን ይዘው ገቡና ከቢኒ ጋር ግድግዳው ፊት ተቀመጥን፣ የታመመው በእሳቸው ጭን፣ እኔ በጎናቸው።

«ምን ይመጣል?» አልኳቸው።

«ዝም በይ። ዓይንሽ ጨለማውን ይልመድ።»

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወተት የፈሰሰ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ወተቱ ቀለም አወጣ፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ አፈርማ። ከውጭ የጫማ ድምፅ ቀረበ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሴት ናት! ቀይ የለበሰች፣ ዘንቢል የያዘች፣ ሙሉ ሴት፣ እግሯ ወደ ጣሪያ፣ ራሷ ወደ ወለል፣ እያወዛወዘች ትሄዳለች! ልጮህ ስል የአባባ መዳፍ አፌን ከደነው።

«አትንገሪው» አሉ በጆሮዬ። «እሱ ይንገረን።»

ጠበቅን።

«አባባ» አለ ቢኒ በቀጭን ድምፅ። «ያቺ ሴትዮ ትወድቃለች።»

«የቷ?»

«ያቺ… በጭንቅላቷ የምትሄደው።»

ከአባባ ሳል የሚመስል ነገር ወጣ። ጭስ የገባባቸው መስሎኝ ነበር፤ ጓዳው ውስጥ ግን ጭስ አልነበረም።

ከብርድ ልብሱ ጀርባ ቆማ ስትሰማ የነበረችው እማዬ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው። «በጭንቅላቷ የምትሄድ ሴት አለ? ልጄ ቃዠ! ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጣ! ወይኔ ልጄን!» እያለች በባዶ እግሯ ወደ ውጭ በረረች። ተከትያት ወጣሁ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን ከቤታቸው ብቅ አሉ። ልጆቻቸው በሐረሪ ቋንቋ «አይ» ይሏቸዋል፣ እናት ማለት ነው፤ እኛም ሰምተን «አይ ፋጡማ» ነበር የምንላቸው።

«ምን ሆንሽ አስካለ? ምን መጣ?»

«ቢኒ አቅሉን ሳተ! ሰው በጭንቅላቱ ይሄዳል ይላል!»

«አዑዙ ቢላህ! ዓይን ነው ይሄ። የሰው ዓይን በልቶታል። ሼኹ መጥተው ቁርኣን ይቅሩበት።»

«ጸበል ነው የሚያስፈልገው፣ አሁኑኑ ጸበል!»

«ጸበሉም ይምጣ፣ ሼኹም ይምጡ፣ ምን ቸገረን? ሁለቱም አላህን ነው የሚለምኑት!»

በዚህ መሃል ከቆርቆሮው ጀርባ የቢኒ ድምፅ መጣ።

«አይ ፋጡማም ተዘቅዝቀዋል! ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነው!»

አይ ፋጡማ እጃቸው ሻሻቸው ላይ እንዳለ ደረቁ። እማዬ እጃቸውን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እኔን አየች። አይ ፋጡማ ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ።

«አወረዱት!» አለ ቢኒ።

«ወላሂ ያየኛል» አሉ አይ ፋጡማ በሹክሹክታ። «በግንብ ያየኛል ይሄ ልጅ!»

እማዬ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔም ኋላዋ። አባባ ከጓዳው ሆነው «ፋጡማ፣ እባክሽ ወዲያ ወዲህ በይልን!» ብለው ጮሁ። እማዬ ብርድ ልብሱን ከኋላዋ መልሳ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ቆመች። ከዚያ የዘመናት ጎረቤቷን አየች፣ ተዘቅዝቀው፣ በግድግዳችን ላይ ግራ ተጋብተው ሲመላለሱ። «በስመ አብ!» አለችና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ቢኒ ከታመመ ጀምሮ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

አባባ ጣታቸው ተነሳ። «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ብርሃን ጎንበስ ማለት አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከፋጡማ ራስ የተነሳው በቀዳዳዋ ሲያልፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከእግሯ የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል። ተላለፉ ማለት ነው።»

«እና ቀሚሳቸው ለምን አልወረደም?» አልኩ።

ይህን እስካሁን እጠይቃለሁ። ያኔ የአባባን ማብራሪያ ስላላመንኩ ወጥቼ አጣራሁ፤ ሰማዩ በቦታው ነው፣ የአይ ፋጡማም ቀሚስ በቦታው። ስለዚህ ከመንገዱ ሥር ሌላ መንገድ አለ፣ አባባ ያንን ነው የሳቡት አልኩ ለራሴ። ለብዙ ጊዜ ስረግጥ ቀስ እያልኩ ነበር፣ ከሥር ያሉትን እግራቸውን እንዳልመታ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሲኒማ ሆነ። ጊደር መጋላ ገበያ የሚሄደው አህያ ግድግዳችን ላይ ከመጋላ የሚመለስ ይመስላል፤ ግራና ቀኙም ተገልብጧል። ቢኒ ከአልጋው ሆኖ «ከሰል መጣ! ባለ ጃንጥላው መጣ!» ይላል። ምስሉ ጭጋጋማ ነው ብለው አባባ ከማንበቢያ መነጽራቸው አንዱን መስታወት አውልቀው ቀዳዳዋን ሰፋ አድርገው ገጠሙበት፤ ከመስታወቱ በቅርብ ነጭ አንሶላ ወጠሩ። በዚያ አንሶላ ላይ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር! ጋዜጣቸውን ከዚያ ወዲያ በአንድ ዓይናቸው ነበር የሚያነቡት፣ ሌላውን ጨፍነው።

የእኔ ሥራ ውጭ ነበር። አባባ ቢኒን ሊፈትኑ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ዕቃ እየያዝኩ ፀሐይ ላይ በመስኮቱ ፊት እመላለሳለሁ። ጃንጥላ፣ አውራ ዶሮ፣ ማንኪያ፣ አይ ፋጡማ ከግድግዳቸው እያወረዱ የሚያውሱኝ ቀይና አረንጓዴ ሰፌድ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየኛል።

«ይቺ ልጅ ዶሮውን የምታንሸራሽረው ለምንድን ነው?» አለ አንድ ሸክም የተሸከመ ሰውዬ።

«ፊዚክስ ነው፣ ዝም ብለህ እለፍ!» አሉት አይ ፋጡማ።

«ዶሮው ነው የሚማረው?»

«ካንተ ይሻላል!»

ከውስጥ ቢኒ ይጮሃል፤ «ዶሮ! አረንጓዴ ሰፌድ! ሙሉ ምላስዋን አወጣች!» እኔ ሙሉ ነኝ፤ እውነትም ምላሴን አውጥቼ ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ በእያንዳንዱ መልስ «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። ያያል፣ ልጄ ያያል፣ አለቀ፣ ዳነ።

አባባ ግን አላለቀላቸውም። ኩባያውን ሲስት እሳቸውም አይተው ነበር መሰለኝ።

አንድ ረፋድ የሽፍታ ጨዋታ አመጡ። ሽፍታ ሲያነጣጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ የግራውን ሸፈኑለት፤ ቢኒ ሁሉንም ለየ። እኔ ከውጭ ቀዩን ሰፌድ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፣ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል፣ በጣም ተደስቻለሁ፤ ቀጥሎ ለቢኒ ላቀርብለት አንዲት ድመት በእግሮቼ መሃል አጥሬ ይዣለሁ።

«አሁን ደግሞ የቀኙን እንሸፍናለን» ሲሉ ሰማሁ። «እህ፣ ሙሉ ምን ይዛለች?»

ሰፌዱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

«ቢኒ? ሙሉ ምን ይዛለች?»

«አባባ» አለ ቢኒ። «መንገዱን ለምን ዘጉት?»

ሰፌዱን ይበልጥ ከፍ አደረግኩት። ቁመቴ ያልደረሰ መስሎኝ በእግሬ ጣት ቆምኩ። አወዛወዝኩት። ድመቷ አመለጠች።

አባባ ወጡ። ፊታቸው ኖራ መስሏል። ለእማዬ አልተከራከሩም፣ «ብዬሽ ነበር» አላሉም። እጇን ይዘው አስገቧት፣ እንዳደረጉት አድርገው ደገሙላት፣ ቢኒም እንዳለው አለ፤ «አሁንም ዘጋችሁት።» እማዬ እጇን ከቀኝ ዓይኑ ላይ አነሳች፤ «አሁን ተከፈተ» አለ እየሳቀ። መለሰች፤ «ተዘጋ።»

እናቴ በሕይወቷ የማትፈራው ነገር አልነበረም። መብረቅ፣ ዓይነ ጥላ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ነጭ የለበሰ ሐኪም። ያን ጊዜ ብቻ ነው ፍርሃቷን ቀድማ ስትሮጥ ያየኋት። ቢኒን በጋቢ ጠቀለለችው፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ሻሽ ጣለች፣ አነሳችው። «ጃንጥላ!» አለች። አይ ፋጡማ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከጎኗ ሆኑ። አባባ ከፊት፣ ከዘራቸውን እንደ ትራፊክ እያወዛወዙ «እለፉ! አሳልፉን! እለፉ!»፤ እኔ ከኋላ፣ ሰፌዱን ማስቀመጥ ረስቼ።

ሸዋ በር ስንደርስ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየን። ቲማቲም ሻጮቹ «ሙሽራ ናት?» ይላሉ፣ የሚኒባሱ ወያላ «ሆስፒታል ከሆነ ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ ሰው አስነስቶ አስቀመጠን። ከጋቢው ውስጥ የቢኒ ድምፅ ይመጣል።

«አባባ፣ እዚህ ያሉት ሰዎች በምናቸው ነው የሚሄዱት?»

«በእግራቸው።»

«ሁሉም?»

«ሰምተህ ገምት፣ የእኔ ጌታ» አሉት አባባ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። የቢኒን ግራ ዓይን ገልጣ አየች፤ በብሌኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። ጠብታ አደረገችበት፣ ቅባት ቀባችው፣ አንዲት ዘይት የቋጠረች የመድኃኒት ፍሬ ቆርጣ አፉ ውስጥ ጨመቀችለት።

«ጨለማ ውስጥ ነበር?» አለች ወደ እማዬ እያየች።

እማዬ አንገቷን ደፋች። አባባ ቀድመው፣ «እናቱ ናት ተሸክማ ያመጣችው» አሉ። «እኔ አሮጌ ነኝ፣ አልችለውም ነበር።»

«ይድናል?» አለች እማዬ።

«ጊዜ ይፈልጋል። ብርሃን አይጎዳውም። መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ።»

ዓይኑን በነጭ ጨርቅ አሽገው ላኩን። ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ የሚጻፍ አይደለም። እማዬ ስትጸልይ፣ አይ ፋጡማ ማዶ ሲሰግዱ፣ አባባ ሬዲዮ ፈተው ሲገጥሙ፤ የገጠሙት ሬዲዮ ሲሠራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ስለነበር ይመስለኛል። ቢኒ በሚያየው ዓይኑ ሲኒማውን ይከታተላል።

ጨርቁ የተነሳለት ቀን ከሆስፒታል እንደገባን እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጓዳ ገባች። ማንንም አላማከረችም። ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው፤ ምስማሩ ጮኸ፣ ጨርቁ ተበተነ፣ የረፋዱ ፀሐይ ጓዳዋን ሞላት። አቧራው ሳይቀር ወርቅ ሆነ።

ቢኒ ግድግዳውን አየ። ባዶ ነው። ኖራ ብቻ።

«ሰዎቼስ?» አለ። «ሰዎቼን አጠፋሻቸው! አህያዬን! አይ ፋጡማን!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

እማዬ ደነገጠች። አባባ ግን አንስተውት ወደ መተላለፊያው ወጡ። «ማንም አልጠፋም፣ ና ላሳይህ» እያሉ መሃል መንገድ አቆሙት። አይ ፋጡማ ለቅሶውን ሰምተው ወጥተዋል፣ ከሰል ሻጩ ከነአህያው ቆሟል፣ እኛ አለን። ቢኒ አየን፣ አየን፣ ፊቱን አጨማደደ። እኛ አይደለንም። የእሱ ሰዎች እንዲህ አይደሉም።

ከዚያ ጎንበስ አለ። ራሱን በእግሮቹ መሃል አስገባና ተዘቅዝቆ ተመለከተን። ለቅሶው ቆመ።

አባባ ከኋላው ተንበረከኩ፤ እሳቸው፣ ከነጉልበት ሕመማቸው፣ ድንጋዩ ላይ። በመዳፋቸው የቀኝ ዓይኑን ከደኑ። ትንፋሻችንን ያዝን። ከሰል ሻጩ እንኳ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የአህያውን አፍ ያዘ።

«አይ ፋጡማ» አለ ቢኒ። «አህያ። ሙሉ። አንቺ ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ፣ እማዬ?»

«ያረቢ!» አሉ አይ ፋጡማ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ልጅ እንዲህ ሲያጎነብስ እንግዳ ሊመጣ ነው ይባላል፣ አስካለ። ቤትሽን አዘጋጂ።»

«ይምጣ!» አለች እናቴ፣ መተላለፊያው እስኪያስተጋባ። «ይምጣ፣ ሁሉም ይምጣ! በሩ ክፍት ነው!»